የብርድ ወራት የቤት አየር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

በሚኒሶታ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በታች ሲወርድ የቤቱ መስኮትና በር ለወራት እንደተዘጋ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የቤቱ አየር ያስቸገረው ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይመረምር መሣሪያ ይገዛል፤ ይሁንና አንዱን ቤት የሚያድን መሣሪያ የሌላውን ቤት ችግር ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ የመኝታ ቤቱንና የሳሎኑን እርጥበት ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ መመዝገብ ያስፈልጋል። በብርድ ወራት ከ30 እስከ 40 በመቶ ያለው እርጥበት ለአብዛኛው ቤት ተስማሚ ነው፤ ብርዱ እጅግ ሲበረታ ከዚያም ዝቅ ማለት ይኖርበታል።

ምልክት፦ ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ውሃ ያንጠባጥባል፣ በግድግዳው ማእዘን ሻጋታ ይታያል

ምክንያቱ የታመቀ እርጥበት ነው። 21 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 10 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ በላዩ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ በእንዲህ ያለ ብርድ ደግሞ የባለ ሁለት ንብርብር መስታወት ጠርዝ እንኳ ከዚያ በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል። እርጥበቱ ከትንፋሽ፣ ከሻወርና ከምግብ ማብሰያ ይመጣል። እንጀራ በሚጋገርበትና ወጥ በሚሠራበት ቤት፣ በተለይም ምጣዱ የተቀመጠው ቤዝመንት ውስጥ ከሆነ፣ እንፋሎቱ ለሰዓታት ይወጣና ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል።

መፍትሔው ከምንጩ ይጀምራል። ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ አየሩን በእርግጥ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ አጣርተው መልሰው ወደ ማእድ ቤቱ የሚለቁ ናቸው፣ እንፋሎትን ግን ምንም ማጣሪያ አያስቀርም። በተለመደው የአሜሪካ መመዘኛ የማእድ ቤቱ መሳቢያ በደቂቃ 100፣ የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ 50 ኪዩቢክ ጫማ አየር ማውጣት አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ መለኪያው ከ40 በመቶ በላይ ከቆየ ኤች አር ቪ የሚባለውን መሣሪያ መምረጥ ተገቢ ነው። መሣሪያው የቆሸሸውን አየር እያስወጣ ንጹሑን ያስገባል፤ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ስለሚያልፉ የሚወጣው አየር አብዛኛውን ሙቀቱን ለሚገባው ያስረክባል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ አየር በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ሊይዝ የሚችለው 1 ግራም ገደማ ውሃ ብቻ ሲሆን፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ግን 17 ግራም ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ከውጭ ገብቶ የሚሞቀው አየር ቤቱን ያደርቀዋል።

ምልክት፦ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል፣ የበር እጀታ ሲነካ ብልጭታ ይቆነጥጣል

ቤቱ ከመጠን በላይ ደርቋል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ቀዝቃዛ አየር በጣሪያው መግቢያና በመሠረቱ ዙሪያ ባሉ ክፍተቶች ስለሚሰርግ፣ ወይም ኤች አር ቪው ከሚገባው በላይ ስለሚሠራ ነው። ክፍተቶቹን መድፈንና የመሣሪያውን ፍጥነት መቀነስ ይቀድማል፤ እርጥበት ማመንጫ መግዛት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። አዲስ መሣሪያ የሚመርጡ ከሆነ ኢ አር ቪ የሚባለው የኤች አር ቪ አምሳያ ከሙቀቱ ጋር የእርጥበቱንም ከፊል ይመልሳል። በእኔ እምነት ጥቂት ሰዎች በሰፊ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ኢ አር ቪ፣ ብዙ ቤተሰብ በጠባብና በደንብ በታሸገ ቤት ዘወትር የሚያበስል ከሆነ ኤች አር ቪ ይሻላል። ሁለቱም ውስጣቸው በረዶ ሊይዝ ስለሚችል በረዶ የማቅለጫ ዘዴ እንዳላቸው ሳያረጋግጡ አይግዙ።

የሚገዛው መሣሪያ መጠን በስሌት ይታወቃል፦ የቤቱ ስፋት በካሬ ጫማ በ0.03 ይባዛል፣ የመኝታ ክፍሎቹ ቁጥር ላይ 1 ተጨምሮ በ7.5 ይባዛል፣ ሁለቱ ይደመራሉ። 1,500 ካሬ ጫማና 3 መኝታ ያለው ቤት በደቂቃ 75 ኪዩቢክ ጫማ አየር ያስፈልገዋል። ይህን በመካከለኛ ፍጥነቱ የሚያደርስ መሣሪያ ድምፁ አያስቸግርም።

ምልክት፦ መሳቢያው ሲሠራ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ጭስ ወደ ቤት ይመለሳል

ይህ ለሕይወት ያሰጋል። የታሸገ ቤት አየር ብቻ ሲወጣበት የጎደለውን በጭስ ማውጫው በኩል ይስባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝም አብሮ ይገባል። የዚህ ጋዝ ማንቂያ ከጮኸ ሁሉም ሰው ወዲያውኑ ይውጣና ወደ 911 ይደወል። ከዚያ በኋላ ባለሙያ ጭስ ማውጫውን ይመርምር፤ ለሚወጣው አየር ምትክ የሚያስገባ መንገድም ይበጅ። ለቡና ሥነ ሥርዓት ከሰል በቤት ውስጥ ማንደድ በማንኛውም መሳቢያ አይካካስም፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይተካ።

ምልክት፦ መሣሪያው እየሠራ አየሩ እንደታፈነ ይቆያል

በመጀመሪያ ወደ ውጭ ወጥተው አየር ማስገቢያው በበረዶ ተሸፍኖ እንደሆነ ይመልከቱ። ቀጥሎ ማጣሪያውን አውጥተው ያጽዱ፤ በየ3 ወሩ ማየት ይበቃል፣ ዕጣንና ቡና በሚያጨስ ቤት ግን በየወሩ ይሁን።