የሲግማ ድምርን ማንበብና ማስላት
ከሲግማ (Σ፣ የድምር ምልክት) በታች «ኬ = 3»፣ ከላይ 7፣ በስተቀኝ (2ኬ + 1) ተጽፏል እንበል። ኬን ከ3 እስከ 7 ባሉት ሙሉ ቁጥሮች በየተራ እየተካችሁ ደምሩ፦ 7 + 9 + 11 + 13 + 15 = 55።

የተደማሪዎቹ ብዛት 7 − 3 ሳይሆን 7 − 3 + 1 = 5 ነው፤ መነሻውም ይቆጠራልና።

ቅንፉን በፍጹም አትዝለሉት! ከሌለ ሲግማው የሚይዘው 2ኬን ብቻ ነው፤ 1 አንዴ ብቻ ይደመርና መልሱ 51 ይሆናል።

ድምሩ ሲረዝም ነጣጥሉት፦ 2ን ወደ ውጭ አውጡ፣ 1ን በ5 አባዙ። ከ1 እስከ 7 ያለው ድምር 7 × 8 ÷ 2 = 28 ነው፤ ከዚህ 1 + 2 ሲቀነስ 25 ይቀራል። 3ንም አብራችሁ ከቀነሳችሁ የመጀመሪያውን ተደማሪ ጣላችሁት። ስለዚህ 2 × 25 + 5 = 55።

ካሬ ግን እንዲህ አይነጣጠልም፦ ከ1 እስከ 3 ያሉት ቁጥሮች ካሬዎች ድምር 14፣ የድምራቸው ካሬ 36 ነው።