ዮጋ በደሴ ብርድ፦ ከመተጣጠፍ በፊት መተንፈስ

«ዮጋ» የሚለው ቃል «ዩጅ» ከሚል የሳንስክሪት (የጥንት ሕንድ ቋንቋ) ሥር የወጣ ነው፤ መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። ይህን በሬ ጠምዶ ለሚያርስ የወሎ ገበሬ ማስረዳት አያስቸግርም፤ አንዱ በሬ ከቀደመ ትልሙ ይጣመማል። እዚህ የሚጠመዱት ሰውነትና ትንፋሽ ናቸው። በጥንቱ የሕንድ የዮጋ ሊቅ በፓታንጃሊ ትምህርት ከስምንቱ ደረጃዎች የሰውነት አቀማመጥ ሦስተኛው፣ ትንፋሽ አራተኛው ነው። በስልክ የሚታየው እግርን ከአንገት ላይ መስቀል ለጀማሪ ምንም አያደርግም።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፣ ማለዳዋም ይበርዳል። የቀዘቀዘ ጅማት ሲለጠጥ ይጎዳል፤ እንግዲህ ወይ ረፋድ ላይ ሥሩ፣ ወይ አስቀድማችሁ አምስት ደቂቃ ቤት ውስጥ ተንጎራደዱ። ከበላችሁ ሦስት ሰዓት ይለፍ። ጫት የተቃመ ዕለት ልብ ስለሚፈጥን ትንፋሽ መያዝ አይሞከርም። በረመዳን ቀን ላብ የሚያወጣውን ትታችሁ ቀለል ያለውን ብቻ ሥሩ።

ለመቀመጥ ጋቢ አጣጥፉና አንድ ጋት ያህል ከፍታ ሲኖረው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ በላይ ከቀረ ወገብ ይጎብጣል፣ ሆድ ይታፈናል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ያኔ አንድ እጥፍ ጨምሩ። እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ፤ ትንፋሽ ሲሳብ የሚነሣው ሆድ እንጂ ትከሻ መሆን የለበትም። በአፍንጫ አራት እስክትቆጥሩ ሳቡ፣ ስድስት እስክትቆጥሩ ልቀቁ፤ አሥር ጊዜ። ከቆላ የመጣ ሰው በሦስትና በአራት ይጀምር። ራስ ቢዞር ወይም ጣት ቢደነዝዝ ብዙውን ጊዜ አየር ስላነሰ አይደለም፤ አብዝቶ በመተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ስለሚቀንስ ነው። ቆጠራውን ተዉና እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ። በዮጋ የሚዜመውን «ኦም» የሚል ድምፅ ማለት ከእምነቴ ጋር አይሄድም የሚል ዝም ብሎ ይቁጠር፤ ምንም አይጎድልበትም።

ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ። ስትስቡ ደረታችሁን ወደ ፊት ክፈቱ፣ ስትለቁ ጀርባችሁን እንደ ድመት አጉብጡ፤ ስምንት ጊዜ።

ከዚያ የውሻ መንጠራራት ነው። መዳፍ በትከሻ ስፋት መሬት ላይ ይሁን፣ ዳሌ ወደ ላይ ይነሣ፤ አምስት ትንፋሽ ቆዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ተረከዝ መሬት ካልነካ ብሎ ይታገልና ጀርባው ይጎብጣል። ጉልበታችሁን ዕጠፉ እንጂ ጀርባችሁን አታጉብጡ። የእጅ አንጓ ካመማችሁ ክብደቱ ሁሉ የመዳፍ ሥር ላይ አርፏል፤ የሌባ ጣትን ሥር ተጫኑ። ጅባ ሲሚንቶ ላይ ስለሚንሸራተት ለዚህ አይሆንም፤ በባዶ እግር ደረቅ ወለል ላይ ሥሩት። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ሰው ይህን ይዝለለው።

መጨረሻው በጀርባ መተኛት ነው፤ ለብዙዎች ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ሰውነት ዝም ሲል ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢውን ልበሱ፤ ወገብ ለሚያመው ትራስ ከጉልበት ሥር ይግባለት። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆዩ። ስትነሡ በጎን ዞራችሁ፣ በእጃችሁ ተደግፋችሁ፣ ጭንቅላታችሁን በመጨረሻ አንሡ።