አዲስ ቃል ተጠንቶ እንዳይጠፋ እንዴት እናጥና?

ተማሪ እያለሁ የእንግሊዝኛ ቃል የማጠናው ደብተር ላይ አሥር አሥር ጊዜ በመገልበጥ ነበር። እጄ ይዝላል፣ ገጹ ይሞላል። በሳምንቱ መምህሩ ሲጠይቀኝ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቀራል። ብዙ ሰው «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብሎ ቋንቋ መማር የሚተወው እንዲህ ሲሆንበት ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ችግሩ ያለው አጠናናችን ላይ ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ2008 ጄፍሪ ካርፒክ እና ሄንሪ ሮዲገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነፍቺያቸው ሰጡ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች አንድን ቃል አንዴ ካስታወሱ በኋላ ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ በዚያ ቃል መፈተን ግን አቆሙ። ሌሎቹ ደግሞ ያስታወሱትን ቃል ማንበብ ትተው መፈተናቸውን ቀጠሉ። ከሳምንት በኋላ መፈተን ያላቆሙት 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ሲያነቡ የነበሩት ሲሶውን ያህል ብቻ። በጣም የሚገርመኝ ግን የራሳቸው ግምት ነው። ስንቱን ታስታውሳላችሁ ሲባሉ ሁሉም «ግማሹን ያህል» ነበር ያሉት። ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል።

እኔም ምሳሌዬን ከስዋሂሊ ልውሰድ። ጎረቤታችን የሚነገር ቋንቋ ነው።

1. ቃላቱን ምረጡ

በቀን ከአሥር አይብለጡ። ከምታውቁት ጋር ዝምድና ያላቸውን አስቀድሙ፦ ዳሙ ደም ነው፣ ሳባ ሰባት ነው፣ አሮባይኒ አርባ ነው። ሰዓት አቆጣጠራቸው ራሱ እንደኛው ከንጋት ይጀምራል። «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ልክ የኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ቃል በነፃ የተገኘ ነው፣ አትለፉት።

ተቃራኒዎችንና ተመሳሳዮችን ግን በአንድ ቀን አታጥኑ። ኩሊያ ቀኝ፣ ኩሾቶ ግራ ነው። ሁለቱን አብራችሁ ከጀመራችሁ የትኛው የቱ እንደሆነ ሲምታታባችሁ ትከርማላችሁ። መማሪያ መጻሕፍት ቀለማትን በአንድ ገጽ፣ ፍራፍሬን በሌላ ገጽ ይደረድራሉ። ያምራል፣ ግን ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ጥናቶችም አሳይተዋል። ዛሬ ኩሊያን ያዙ፣ ኩሾቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጣ።

2. ካርድ ቁረጡ

ጠንከር ያለ ወረቀት ይበቃል። በአንዱ ፊት ስዋሂሊውን፣ በጀርባው አማርኛውን ጻፉ። በአንድ ካርድ አንድ ቃል ብቻ።

3. ለከበደው ቃል መንጠቆ ፈልጉለት

ዘዴው እንዲህ ነው። የባዕዱን ቃል ድምፅ የሚመስል የአማርኛ ቃል ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ያንን ከትርጉሙ ጋር በአንድ ሥዕል ታገናኛላችሁ።

ማሹዋ ጀልባ ነው። «ማሾ» ትዝ አላላችሁም? ጨለማ ነው፣ ጣና ላይ ናችሁ፣ አንዲት ጀልባ ጫፏ ላይ ማሾ አንጠልጥላ ወደ እናንተ ትመጣለች። ዲሪሻ መስኮት ነው፦ ድርሻችሁን በመስኮት ሲያቀብሏችሁ ተመልከቱ። ኩኩ ዶሮ ነው፤ ይህንን እንኳ «ኩኩሉ» ብሎ ራሱ ይነግራችኋል።

የልጅ ጨዋታ ይመስላል? ሪቻርድ አትኪንሰን እና ማይክል ሮው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት 120 የሩሲያኛ ቃላትን በዚህ መንገድ ያጠኑ ተማሪዎች 72 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ያለ መንጠቆ ያጠኑት 46 በመቶውን ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም፦ 43 በመቶ ለ28። ሥዕሉን ራሳችሁ ፍጠሩት።

4. ሳታዩ ጠይቁ

ዋናው ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር። ካርዱን አንሱ፣ ቃሉን አንብቡ፣ አትገልብጡት። አሥር ሰከንድ ያህል ታገሱ። መልሱን በድምፅ ተናገሩ፣ ከዚያ ገልብጡ። ያ «ምን ነበር፣ ምን ነበር» የምትሉበት ጭንቀት ነው ቃሉን የሚያጠብቀው። በሁለተኛው ዙር ከአማርኛው ጀምሩ፤ ለመናገር የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ይህ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ውዳሴ ማርያምን በቃሉ የሚይዝ የቆሎ ተማሪ የኔታ ፊት ቀርቦ፣ መጽሐፍ ሳያይ ይወጣዋል። ሲሳሳት ይታረማል፣ እንደገና ይላል።

5. እየረሳችሁ ድገሙ

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ክፍለ ቃላትን በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ውጤት ዛሬም ይጠቀሳል። የተጠናው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ያመልጣል፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ቶሎ፣ የቀጣዮቹ እየራቀ ይሁን።

የጫማ ካርቶን ውሰዱና በአራት ክፈሉት። አዲስ ካርድ አንደኛው ክፍል ይገባል፣ በየቀኑ ይጠየቃል። ካወቃችሁት ወደ ሁለተኛው ይለፍ፣ በየሦስት ቀኑ ይጠየቅ። ሦስተኛው በየሳምንቱ፣ አራተኛው በየወሩ። ከየትኛውም ክፍል ያላወቃችሁት ወደ አንደኛው ይመለሳል፣ ሳይማር እንደተገኘ ተማሪ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ሰባስቲያን ላይትነር ነው። በስልካችን ያሉት የቃል ማጥኛ መተግበሪያዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንፈስ ነው።

«ወር ቆይቼማ እረሳዋለሁ» ብላችሁ አትፍሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የሃሪ ባህሪክ ቤተሰብ አራት አባላት በራሳቸው ላይ ለዓመታት ሞክረውታል። በየ56 ቀኑ 13 ጊዜ የደገሙት ቃል፣ በየ14 ቀኑ 26 ጊዜ ከደገሙት ጋር እኩል ቀርቶላቸዋል። በግማሽ ድካም ማለት ነው።

ካርቶኑን ቡና የምትጠጡበት ቦታ አስቀምጡት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አሁኑኑ ጀምሩ፦ ወደ ላይ ሳትመለሱ፣ መስኮት በስዋሂሊ ምን ነበር?