«ሰንጋ በር ላይ ሸጠ»፦ ላይ ላዩንና ጥልቅ ትንተናን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ እንዴት እናጣምራለን?

አንድ አጭር መልእክት እንውሰድ፦ «ሰንጋ በር ላይ ሸጠ።» ሐረርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ከጁገል (ከጥንታዊው የሐረር ግንብ) አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ የሆነው ሰንጋ በር ነው ቀድሞ የሚታየው፤ ከተማዋን የማያውቅ አንባቢ ግን አንድ ሰው በሬውን ደጃፍ ላይ አቁሞ እንደ ሸጠው ይረዳል። ሁለቱም ንባቦች በሰዋስው ሕግ ስሕተት የለባቸውም። የበሮቹን ስም ዝርዝር የያዘ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ንባብ ሳያመነታ ይመርጣል፤ የሰዋስው ሕግ ብቻ የተሰጠው ፕሮግራም ደግሞ ተሳቢ ያገኘበትን ሁለተኛውን ንባብ ይወዳል። ይህ መመሪያ እነዚህን ሁለት ዓይነት ፕሮግራሞች አጣምሮ የሚሠራ ሥርዓት እንዴት እንደሚዘረጋ ያሳያል፤ ምሳሌዎቹም በድሬዳዋና በሐረር መካከል ከሚመላለሰው የጭነት ሥራ የተወሰዱ ናቸው።

ላይ ላዩን ትንተና የሚባለው ቃላትን መነጠልን፣ ለእያንዳንዱ ቃል የቃል ክፍል መስጠትን፣ የአጫጭር ሐረጎችን መጀመሪያና መጨረሻ ማመልከትንና የሰውና የቦታ ስሞችን መለየትን ያጠቃልላል። ፈጣን ነው፤ የተበላሸ ጽሑፍም ቢያጋጥመው አንድ ነገር ሳይመልስ አይቀርም። ጥልቅ ትንተና ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ በሰዋስው ሕግ ፈትቶ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ፣ አሉታውም የትኛውን ክፍል እንደሚነካ ይናገራል፤ ነገር ግን ይዘገያል፣ የማያውቀው ቃል ወይም የተጓደለ አገባብ ሲገጥመውም ጭራሽ መልስ ሊነፍግ ይችላል። እዚህ ላይ «ጥልቅ» የሚለው ቃል ዲፕ ለርኒንግ ከሚባለው (ባለ ብዙ ንብርብር ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብን ከማሠልጠን ዘዴ) ጋር እንዳይምታታ ማሳሰብ ያስፈልጋል። በዲፕ ለርኒንግ ጥልቀቱ የኔትወርኩ ንብርብር ብዛት ሲሆን፣ በእኛ ጉዳይ ግን ጥልቀቱ የሚለካው ከጽሑፉ በሚወጣው ትርጉም ነው። የቃል ክፍል ብቻ የሚሰጥ ባለ ብዙ ንብርብር ኔትወርክ በዚህ አነጋገር ላይ ላዩን የሚሠራ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2000 በጀርመን የተካሄደው ቨርብሞቢል የተሰኘ የንግግር ትርጉም ፕሮጀክት አንዱን ንግግር ለተለያዩ ተንታኞች (የትንተና ፕሮግራሞች) በአንድ ጊዜ እየሰጠ፣ ጥልቁ ተንታኝ ሲያቅተው የሌሎቹን ውጤት ይጠቀም ነበር። ከዚያ በኋላ በጀርመን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ማእከል የተሠራው ሃርት ኦፍ ጎልድ የተባለ ማእቀፍ ተንታኞችን በአንድ የጋራ መግባቢያ አገናኘ። ከእነዚህ ሥራዎች ለእኛ የሚጠቅመን ዋናው ነገር፣ ሁሉም ተንታኞች ውጤታቸውን በአንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲያቀርቡ መደረጉ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከፕሮግራም ሳይሆን ከጥያቄ ነው። በድሬዳዋ ለአንድ የጭነት ቢሮ መልእክቶችን የሚለይ ሥርዓት ለመሥራት ስንነሣ በመጀመሪያ የጻፍነው ሦስት ጥያቄዎችን ነበር፦ ምን ዕቃ ነው? ከየት ወደ የት ይሄዳል? ደርሷል ወይስ አልደረሰም? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ላይ ላዩን ትንተና አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይመልሳቸዋል። ሦስተኛው አሉታና ዘርፍ ስላለበት ወደ ጥልቅ ትንተና ይገፋል። ጥያቄዎቹን ለይቶ ያልጻፈ ሰው እያንዳንዱን መልእክት በጥልቅ ተንታኝ ውስጥ ሲያሳልፍ ይውላል፤ ጊዜውም «እሺ፣ ደርሶኛል» የሚለውን ሐረግ በመተንተን ያልቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጽዳት ነው። በአማርኛ የቃል መለያው ሁለት ነጥብና የዓረፍተ ነገር መዝጊያው አራት ነጥብ በዩኒኮድ (ለኮምፒውተር ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ተከታታይ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስላል፤ በመሆኑም ፕሮግራሙ ጥንዱን እንደ አንድ መዝጊያ መቁጠር አለበት። «ዓ.ም.»፣ «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ» የመሳሰሉት አሕጽሮተ ቃላት በነጥባቸውና በእዝባራቸው እንዳይቆረጡ ዝርዝራቸውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል። «ሐረር»ና «ሀረር»፣ «ድሬዳዋ»ና «ድሬ ዳዋ»፣ አንዳንዴም «ድሬ» ብቻ፣ እየተፈራረቁ ስለሚጻፉ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ግድ ይላል። ሆኖም የተስተካከለው ጽሑፍ በመጀመሪያው ላይ መጻፍ የለበትም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳይነኩ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱ ተንታኝ ውጤቱን «ከዚህኛው ፊደል እስከዚያኛው ፊደል» በሚል የቦታ ቁጥር ከጽሑፉ ውጭ እንዲመዘግብ ያድርጉ። ይህን ያልጠበቅንበት ጊዜ ነበር፤ የቦታ ስሙን የሚለየው ክፍል በተስተካከለው ጽሑፍ፣ ሰዋስዉን የሚተነትነው ክፍል በመጀመሪያው ጽሑፍ እየቆጠሩ፣ ስሙ ሁልጊዜ አንድ ፊደል ወዲያ ተንሸራቶ ይገኝ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጅቶብናል፤ ጥፋቱ የእኛው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ በአማርኛ ከሁሉም የሚበልጥ ክብደት አለው፤ እርሱም የቃል ውስጥ ትንተና ነው። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ ላዩን ትንተና በቃል ደረጃ ተጀምሮ በሐረግ ያበቃል፤ ጥልቁ ደግሞ በዓረፍተ ነገር ደረጃ ይጀምራል። ይህ ክፍፍል ለአማርኛ እንዳለ አይሠራም። «አልነገረችንም» የሚለውን አንድ ቃል ይመልከቱ፤ በውስጡ አሉታ፣ ግስ፣ «እርሷ» የሚል ባለቤትና «እኛን» የሚል ተሳቢ አሉ። ስለዚህ ማን ለማን ምን እንዳደረገ የሚለው የጥልቅ ትንተና ጥያቄ ገና ከአንድ ቃል ሳይወጣ በከፊል ይመለሳል። ደግሞም እዚህ «እኛን» የምታመለክተው «ን» በስም ላይ ስትገባ፣ «ሹፌሩን» እንደሚለው፣ የተሳቢ ምልክት ትሆናለች፤ ፊደሏን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ሁለቱን አይለይም። ለዚህ ሥራ ተመራማሪው ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡት ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት በውሱን ኹነት ማሽን (ፊደል በፊደል ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ በሚሄድ የሕግ ሰንሰለት) ወደ ምዕላዶቻቸው፣ ማለትም ትርጉም ወዳላቸው ትንንሽ ክፍሎቻቸው፣ ይበትናል፤ ሁለትና ሦስት ትንታኔ የሚችል ቃል ሲገጥመውም ሁሉንም ይሰጣል።

ሁሉንም መስጠቱ ደግሞ ተገቢ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው ነው። «ዕቃው አለ» በሚለው ጠብቆ የሚነበበው «አለ»፣ «መጣሁ አለ» በሚለው ይላላል። ከእነዚህ አንዱን በዚህ ደረጃ ላይ መምረጥ ከባድ ስሕተት ነው። የቃል ክፍል ሰጪው ፕሮግራም ትንታኔዎቹን በዕድላቸው መጠን ደረጃ ይስጣቸው እንጂ ከአንዱ በቀር ያሉትን አይጣል። ይህን ፕሮግራም ለማሠልጠን ከዋልታ የዜና ማእከል ዜናዎች የተሰበሰበው፣ 1065 ዜናዎችንና ወደ 210000 የሚጠጉ ቃላትን የያዘውና በሰው እጅ ምልክት የተደረገበት ስብስብ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የዜና ቋንቋ ነው፤ የጭነት ቢሮ መልእክት እንደ ዜና አይጻፍም፤ ስለዚህ ከራስዎ መልእክቶች ጥቂት መቶ ዓረፍተ ነገሮችን በእጅ ምልክት አድርገው ይጨምሩበት። ስብስቡ መስተዋድድ የተጣበቀበትን ስም («ከሐረር») እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ የራሱን ምልክት የሚሰጠው መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ለጥልቁ ተንታኝ ግን «ከ» እና «ሐረር» ተለያይተው መቅረብ አለባቸው። 1074 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት የአማርኛ ዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ የዛፍ ባንክ (የቃላት ግንኙነት በዛፍ መልክ የተመለከተበት ስብስብ) እነዚህን ቅጥያዎች ነጥሎ ስለሚያሳይ፣ መነጠያ ሕጎችዎን በእርሱ መፈተን ይቻላል።

የቦታ ስም ዝርዝሩ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የሐረር በሮች ግን ያስተምራሉ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፦ አብዛኞቹ በራሳቸው ሌላ ትርጉም ወይም ሌላ ቦታ የሚያመለክት ቃል ይዘዋል። ዝርዝሩ «ሸዋ»ን ብቻውን ይዞ «ሸዋ በር»ን ካልያዘ፣ ከሐረር ሳይወጣ የቀረ ጆንያ ሸዋ ደርሷል ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ረጅሙ ስም ከአጭሩ ይቅደም፤ እንደዚያም ሆኖ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ስም ፍርድ ሳይሆን ጥቆማ ይሁን። በድሬዳዋም ቀፊራና ታይዋን ሁለቱም የገበያ ስም ናቸው፤ «ከታይዋን የመጣ ስልክ» የሚለውን ግን አገሬው ራሱ ሳይጠይቅ አይተረጉመውም።

አሁን ወደ ርክክቡ እንምጣ። ላይ ላዩን የሚሠሩት ክፍሎች ለጥልቁ ተንታኝ የሚሰጡት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ የስም ጥቆማ፤ «ሰንጋ በር» አንድ የቦታ ስም ሆኖ፣ በተጨማሪም «ሰንጋ» እና «በር» ተለያይተው፣ ሁለቱም መንገዶች ጎን ለጎን ይገባሉ። ሁለተኛው፣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ለሌለ ቃል የሚሰጥ ምትክ ነው፤ ተንታኙ የማያውቀው የዕቃ ስም ሲመጣ፣ የቃል ክፍል ሰጪው «ስም ነው» ካለ በደፈናው እንደ ስም ተቀብሎ ያልፋል። ሦስተኛው የሐረግ አጥር ነው፤ በዚህ ላይ አቋሜ የማያወላውል ነው፤ አጥሩ ነጥብ መጨመሪያና መቀነሻ ይሁን እንጂ ግድግዳ አይሁን። ላይ ላዩን ያጠረው ሐረግ ከተሳሳተና ተንታኙ እንዳይሻገረው ከተከለከለ፣ ትክክለኛው ንባብ ከመታየቱ በፊት ይሞታል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው የአማርኛ አንጻራዊ ሐረግ ነው። «ወደ ሐረር የሄደው መኪና ሹፌር አልተመለሰም» በሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ ሐረር የሄደው መኪናው ነው ወይስ ሹፌሩ? የዘርፍ «የ» እና የአንጻራዊ ግስ «የ» ሲገናኙ አንዷ ስለምትዋጥ ሁለቱም ንባብ ይቻላል። «የሄደችው መኪና ሹፌር አልተመለሰም» ተብሎ ቢጻፍ ግን የጾታ ስምምነቱ ጉዳዩን ይቋጫል፤ የሄደችው መኪናዋ ናት፣ ያልተመለሰው ሹፌሩ ነው። ቃላትን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም በሁለቱም «መኪና» እና «አልተመለሰም» የሚሉትን አገናኝቶ መኪናዋ ጠፍታለች ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ለመያዝ የአማርኛን ሰዋስው በሙሉ መጻፍ አያስፈልግም። ግስ በመጨረሻ መምጣቱን፣ ባለቤትና ግስ በመደብ፣ በጾታና በቁጥር መስማማታቸውን፣ የ«ን»ን ተሳቢነት፣ የ«የ»ን መዋጥና የአራቱን መስተዋድዶች («ከ»፣ «ወደ»፣ «በ»፣ «ለ») አገባብ የሚሸፍኑ ሕጎች ለሦስቱ ጥያቄዎቻችን ይበቃሉ።

ውጤቶቹን ለማዋሐድ ሁሉም ክፍሎች የሚናገሩበት አንድ የትርጉም ቅርጽ ያስፈልጋል። የቋንቋና የኮምፒውተር ተመራማሪዋ አን ኮፕስቴክ ለዚህ ዓላማ ያቀረቧቸው የትርጉም ውክልናዎች መሠረታቸው ግልጽ ነው፤ ትርጉሙ በትንንሽ ቁርጥራጭ መግለጫዎች ይጻፋል፣ ያልታወቀውም ክፍት ይተዋል። ላይ ላዩን የሚሠራው ክፍል «ዕቃ የሚባል ነገር አለ፤ መድረስ የሚባል ድርጊት አለ፤ አሉታ አለ» ይላል፤ ጥልቁ ደግሞ እነዚያኑ መግለጫዎች ሳይሽር «የመድረሱ ባለቤት ዕቃው ነው» የሚል ይጨምራል። «ሁሉም ዕቃ አልደረሰም» የሚለው ምንም አልደረሰም ወይም ከፊሉ ቀርቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ የአሉታው ወሰን ክፍት እንደ ሆነ ይቀመጥና ለቢሮው ሠራተኛ ይታያል። ፕሮግራሙ እዚህ ላይ ገምቶ ከሚሳሳት ደንበኛው ተደውሎለት ቢጠየቅ ይሻላል።

ለጥልቁ ተንታኝ የጊዜ ገደብ ይስጡት። ገደቡ ሲያልፍ ወይም ሙሉ ንባብ ሲጠፋ፣ የተሳኩለትን ቁርጥራጮች ይሰብስቡና የቀረውን ላይ ላዩን በተገኘው ይሙሉ፤ እያንዳንዱ መልስም ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ ይመዝገብ። ወደ ጥልቁ የሚላኩትም ሁሉም ዓረፍተ ነገሮች አይደሉም፤ አሉታ፣ አንጻራዊ ሐረግ፣ ወይም ከአንድ በላይ ግስ ያለባቸው ብቻ ቢላኩ ለእኛ ሥራ በቅቷል።

በመጨረሻም ሥርዓቱን ሲመዝኑ ሁለት ቁጥር ለየብቻ ይያዙ፤ ጥልቁ ተንታኝ ከተላከለት ምን ያህሉን ሙሉ በሙሉ ፈታ፣ ከፈታውስ ምን ያህሉ ትክክል ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቁጥር ያደረገ ሰው፣ አዲስ ሕግ ሲጨምር ሽፋኑ ሰፍቶ ትክክለኛነቱ መውረዱን አያይም። የተሳሳተ መልእክት በተገኘ ቁጥር ከትክክለኛ ንባቡ ጋር በመፈተኛ ፋይል ውስጥ ይግባ፤ ሕግ በተለወጠ ቁጥርም ፋይሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሮጥ። የእኛ ፋይል የመጀመሪያ መሥመር «ሰንጋ በር ላይ ሸጠ» ነው፤ ትክክለኛ መልሱም ከፊቱ ባለው መልእክት ይወሰናል። ከፊቱ «ቡናውን ከተማ አስገባው» የሚል ካለ የተሸጠው ቡና፣ የተሸጠበትም ጁገል ነው፤ ከፊቱ ምንም ከሌለ ግን ሥርዓቱ ሁለቱንም ንባብ ይዞ «የተሸጠው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።