ባሮሎን እንዴት እንደሚቀምሱና ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚያቀርቡ

ባሮሎ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ ክልል፣ በአልባ ከተማ አቅራቢያ ባሉት የላንጌ ኮረብታዎች ላይ ከሚበቅለው ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዝርያ ብቻ የሚጠመቅ ቀይ ወይን ነው። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወራት መቆየት አለበት፤ ከእነዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል ውስጥ ያሳልፋል። «ሪዘርቫ» የተባለው ደግሞ 62 ወራት ይቆያል። ያም ሆኖ ታኒኑ (አፍን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር) እና ኮምጣጣነቱ ብርቱ ስለሆኑ፣ ገና እንደተከፈተና ያለ ምግብ ቀምሶ ሊፈረድበት አይገባም።

ሲገዙ በጠርሙሱ ላይ የመንደር ስም ካለ ያንብቡ። የላ ሞራ ወይን በአብዛኛው ለስለስ ያለና መዓዛው ቶሎ የሚገለጥ ሲሆን፣ የሴራሉንጋ ዳልባና የሞንፎርቴ ዳልባ ግን ጠንካራና ዓመታት የሚፈልግ ነው። ለጀማሪ የላ ሞራውን እመርጣለሁ።

ወጣት ባሮሎ አየር ይፈልጋል። ቡሹን ነቅሎ ጠርሙሱን ክፍት መተው ግን ብዙም አይጠቅምም፤ አየር የሚነካው በጠርሙሱ አንገት ስፋት ልክ ያለውን ወይን ብቻ ነውና። ከማዕዱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ወደ ሰፊ ዕቃ ይገልብጡት፤ ለዚህም ውድ የክሪስታል ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ሽታ የሌለው ንጹሕ የብርጭቆ ጆግ ይበቃል። ያረጀ ጠርሙስ ከሆነ ግን አንድ ቀን አስቀድመው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ከዚያም በቀስታ እየቀዱ ዝቃጩ አንገቱ ላይ ሲደርስ መቅዳቱን ይተዉ። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው።

በሆዱ ሰፊ በሆነ ብርጭቆ፣ ከሲሶው ሳያልፉ ይቅዱ። ቀለሙ ሣሣ ያለ፣ ጠርዙም ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ሆኖ ቢያገኙት ደካማ ነው ብለው አይናቁት፤ የኔቢዮሎ ጠባይ ነው። ብርጭቆውን ሳይነቀንቁ አንድ ጊዜ፣ ነቅንቀው ደግሞ ሌላ ጊዜ ያሽትቱ፤ የጽጌረዳ፣ የደረቀ ቼሪና የሬንጅ ሽታ ይጠብቁ። የረጠበ ካርቶን ከሸተተዎ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታልና ለሻጩ ይመልሱት።

አስቸጋሪው ደረጃ መቅመሱ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ «መራራ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ትንሽ ጎንጨት ብለው ወዲያው ሳይውጡ በአፍዎ ውስጥ ያንከባልሉትና ሁለት ነገሮችን ይለዩ። ከምላስዎ ሥር ምራቅ ከመነጨ ያ ኮምጣጣነቱ ነው። ድድዎና የጉንጭዎ ውስጠኛ ክፍል ከደረቀ፣ ብዙ ከፈላ ስኳር አልባ ሻይ በኋላ እንደሚሰማው፣ ያ ታኒኑ ነው። ታኒን በምራቅ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ስለሚይዝ አፍን ያደርቃል፤ በጥሩ ባሮሎ ውስጥ ግን ድርቀቱ ደቃቅና ወጥ ነው እንጂ አይሻክርም፣ መዓዛውም ከዋጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

አሁን ጨው የነካው የበሬ ሥጋ ከነስቡ ጎርሰው እንደገና ይጎንጩ። ታኒኑ ሲለዝብና የቼሪው ጣዕም ሲወጣ ያስተውላሉ፤ የሥጋው ፕሮቲንና ስብ ታኒኑን ይዘውታልና። የፒዬሞንቴ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በሬውን በራሱ በባሮሎ ውስጥ ለሰዓታት ቀቅለው «ብራዛቶ አል ባሮሎ» ይሠራሉ፤ በመከር ወራት ደግሞ «ታያሪን» የተባለውን ቀጭን የእንቁላል ፓስታ በቅቤና ከመሬት ሥር በሚበቅለው መዓዛማ እንጉዳይ፣ በአልባ ነጭ ትሩፍል ያቀርባሉ። ካስቴልማኞን የመሰለ የቆየ አይብም ይስማማዋል።

ከዓሣ ጋር አላቀርበውም። በርበሬ የበዛበት ወጥም አይሆንም፤ አልኮሉ ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ ታኒኑም ይሻክራል። በሐበሻ ማዕድ ላይ ከዶሮ ወጥ ይልቅ ሚጥሚጣው ቀለል ያለ ለብ ለብ ክትፎ ወይም ቃሪያ ያልበዛበት የበሬ ጥብስ ይመረጣል።

ከተረፈ ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡትና ሊጠጡት ሲያስቡ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ያውጡት። ወጣት ባሮሎ በማግስቱም ይጠጣል፤ አንዳንዱ እንዲያውም በዚያን ቀን ይበልጥ ለስልሶ ይገኛል።