ያለ ቀረጻ ቡድን ፊልም መሥራት፦ የሪማ ዳስ መንገድ

ፊልም መሥራት እየፈለጋችሁ ገንዘብም ሰውም የለኝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ የሪማ ዳስን አሠራር እዩ። ሪማ ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ከአሳም ግዛት ናት። አብዛኞቹ ፊልሞቿም በአሳምኛ ናቸው። ፊልም ትምህርት ቤት አልገባችም። ሙምባይ የሄደችው ተዋናይት ለመሆን ነበር፣ አልሆነላትም፤ ፊልም እያየች ሙያውን በራሷ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ2017 «ቪሌጅ ሮክስታርስ» የተባለው ፊልሟ ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ በ2018 የህንድን ብሔራዊ የምርጥ ፊልም ሽልማት አገኘ፣ ህንድም ለኦስካር የላከችው ያንኑ ፊልም ነው። የጻፈችው፣ የቀረጸችው፣ ኤዲት ያደረገችው እሷው ራሷ ናት።

መጀመሪያ የምታውቁት ቦታ ሂዱ። እሷ የተመለሰችው ተወልዳ ወዳደገችበት ቻይጋኦን ነው። እዚያ የመጀመሪያ ፊልሟን ስትቀርጽ፣ ከፎም የተሠሩ የውሸት የሙዚቃ መሣሪያዎች ይዘው የሚጫወቱ ልጆች አየች። እውነተኛ ጊታር የምትመኘው የድሃ ልጅ ታሪክ፣ ማለትም «ቪሌጅ ሮክስታርስ»፣ ከዚያ መጣ። ስለዚህ ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ሰፈሩን በደንብ እዩት፣ ልጆቹ በምን እንደሚጫወቱ፣ እናቶች መቼ ሥራ እንደሚፈቱ፣ ፀሐይ ከየት በኩል እንደምትገባ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ተዋናዮቿ የመንደሩ ልጆች ናቸው። ዋናዋን ገጸ ባህሪ የተጫወተችው ባኒታ ዳስ የአጎቷ ልጅ ስትሆን፣ የብሔራዊ ምርጥ ሕፃን ተዋናይ ሽልማት አግኝታበታለች። ልጆች ከሆኑ ቃል በቃል አታስጠኗቸው። ሁኔታውን ንገሯቸውና በራሳቸው አነጋገር ይበሉት። ካሜራውን ለቀናት ሳትቀርጹ ይዛችሁ ዙሩ፤ ሲሰለቻቸው ያኔ መቅረጽ ጀምሩ። ወላጆችን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ የትምህርት ሰዓታቸውንም አትንኩ።

ዋናው ነገር ግን ጊዜ ነው፣ እኔ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ቀጥራችሁ ከሆነ እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ስለሚበላ ታሪኩን በጥቂት ቀናት ጨርሳችሁ መበተን ግድ ይሆናል፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን መጠበቅ ትችላላችሁ። ሪማ 150 ያህል የቀረጻ ቀኖቿን ከሦስት ዓመት በላይ በትናቸዋለች። አሳም ውስጥ በክረምት የብራህማፑትራ ወንዝ ይሞላና ማሳና ቤት ያጥለቀልቃል። ያንን ጎርፍ በገንዘብ መሥራት አይቻልም። ሲመጣ እዚያው መገኘት ነው። በፊልሙ ውስጥ ጎርፉ የመንደሩ ኑሮ ሆኖ የሚታየውም ለዚህ ነው። አንድ ጣጣ አለው፤ ልጆች ያድጋሉ። የቀረጻ ልብሳቸውን ለብቻ አስቀምጡ፣ የፀጉራቸውን ሁኔታ በፎቶ ያዙ፣ ካልሆነም ማደጋቸውን ራሱን ታሪኩ ውስጥ አስገቡት።

ለመብራት ገንዘብ አታውጡ። ማለዳና አመሻሽ ላይ ቅረጹ፣ ቀትር ላይ እረፉ።

ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ተመልካች ይታገሣል፣ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ትቶ ይነሣል። ሪማ ድምፁን የሰጠችው ለዘመዷ ለማሊካ ዳስ ነው፤ እሷም በቦታ ድምፅ ቀረጻ ብሔራዊ ሽልማት ወስዳለች። አንድ ረዳት ብቻ ማግኘት ከቻላችሁ ማይክ የሚይዝ ሰው ይሁን። ማይኩን ወደ ተናጋሪው አስጠጉ። በየቦታው ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ያህል የአካባቢውን ድምፅ ቅዱ፣ ኤዲት ስታደርጉ በጣም ይጠቅማችኋል።

ይህ መንገድ ለሁሉም ታሪክ አይሆንም። በ1935 የመጀመሪያውን የአሳምኛ ፊልም «ጆይሞቲ»ን የሠራው ጂዮቲፕራሳድ አጋርዋላ ታሪኩ የጥንት ንግሥና ስለነበር ሻይ እርሻ ላይ ስቱዲዮ እስከማቋቋም ደርሷል፣ ከባድ ኪሳራም ገጥሞታል። የእናንተም ታሪክ ቤተ መንግሥትና ጦርነት ካለው ብቻችሁን አትሞክሩት።

ኤዲቱ ሲያልቅ ለጥቂት ሳምንታት አትንኩት። ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩና ዝም ብላችሁ ፊቱን እዩ፤ ስልኩን ያነሣበት ቦታ መቆረጥ አለበት። የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ቋንቋውን በደንብ ለሚችል ሰው ስጡ፣ የፌስቲቫል ፊልም መራጮች ፊልማችሁን የሚረዱት በእሱ ነው። ፌስቲቫል ሳትልኩ ዩቲዩብ ላይ እንዳትጭኑት፣ ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ያልታየ ፊልም ነው የሚፈልጉት። መልሱን እየጠበቃችሁ ደግሞ ቀጣዩን ጀምሩ። የሪማ «ቡልቡል ካን ሲንግ» ቶሮንቶ የደረሰው ልክ በዓመቱ፣ በ2018 ነው።