የዓለም መጥፋት ልቦለዶችንና አዳዲስ ሲሪዞቻቸውን ጎን ለጎን እንዴት እንያቸው

ስለ ዓለም መጥፋት የተጻፉ የድሮ ሳይንስ ፊክሽን ልቦለዶች በየጊዜው ወደ ቲቪ እየመጡ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ወይ ሲሪዙን ብቻ አይቶ ያልፋል ወይ ደሞ መጽሐፉን አንብቦ ሲሪዙን "አበላሹት" ብሎ ገና ሁለተኛው ክፍል ላይ ያቆመዋል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም እነዚህ ታሪኮች የሚጥሙት ጥንድ ሆነው ሲታዩ ነው፣ መጽሐፉ የዛን ዘመን ሰው ምን ያስፈራው እንደነበር ይነግራችኋል፣ ሲሪዙ ደሞ እኛን ምን እንደሚያስፈራን። ስለዚህ እንዴት ብታዩዋቸው እንደሚሻል የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ አንዳንድ ስፖይለርም (ታሪኩን አስቀድሞ የሚገልጥ ነገር) አለ።

መጀመሪያ አንድ ጥንድ ብቻ ምረጡ። ለጀማሪ የምመክረው የጆን ዊንዳምን ዘ ደይ ኦፍ ዘ ትሪፊድስ ነው፣ በ1951 የወጣ፣ አጭር ነው፣ አጻጻፉም አይከብድም፣ ቢቢሲ በ2009 የሰራው ደሞ ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ቢል ሜሰን የሚባለው ሰውዬ ዓይኑ ታሽጎ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሰማይ ላይ የታየውን አረንጓዴ ብርሃን ሲያይ ያመሽና ጠዋት ዓይነ ስውር ሆኖ ይነሳል፣ ከዛ በኋላ ትሪፊድ የሚባሉት እየተራመዱ የሚናደፉ ተክሎች የሚከለክላቸው ይጠፋል። አሁን ልብ በሉ፣ መጽሐፉ ላይ ሜሰን ኋላ ላይ ያ ብርሃን ምናልባት ሰዎች ራሳቸው ምድርን እንዲዞር ያመጠቁት የጦር መሳሪያ ይሆን እንዴ ብሎ ይጠረጥራል፣ ቀዝቃዛው ጦርነት የተጀመረበት ጊዜ ነዋ። በ2009ኙ ግን ሰውን ያሳወረው ከፀሐይ የመጣ ነገር ነው፣ ትሪፊዶቹም በብዛት የሚመረቱት ዘይታቸው ነዳጅን ይተካል፣ የምድርን ሙቀት መጨመርም ያስቆማል ተብሎ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ጥንድ ስትይዙ መጀመሪያ ሁለቱን ዓመቶች ጻፉና በመሃል ዓለም ላይ ምን እንደተቀየረ አስቡ፣ ከዛ ስታዩ ጥፋቱ ከየት መጣ፣ ተጠያቂው ማነው፣ መጨረሻ ላይስ ተስፋ የተሰጠው ለማነው ብላችሁ ጠይቁ። ሌላውን ልዩነት ሁሉ እየቆጠራችሁ አትድከሙ፣ የገጸ ባህሪው ፀጉር ቢቀየር ምንም አይደለም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ እኔ መጽሐፉ ይቅደም ባይ ነኝ። አንዴ ተዋናዩን ካያችሁ በኋላ መጽሐፉን ስታነቡ የሚመጣባችሁ የሱ ፊት ነው፣ ከተማውም የካሜራው ከተማ ይሆንባችኋል። ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ሁሉም ነገር እስከሚፈርስበት ድረስ አንብቡና የመጀመሪያውን ክፍል እዩ፣ ከዛ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የጆርጅ ስቱዋርትን ኧርዝ አባይድስ ነው፣ በ1949 የታተመ፣ ርዕሱ የተወሰደው ትውልድ ሄዶ ትውልድ ሲመጣ ምድር ግን ለዘላለም ትኖራለች ከሚለው ከመጽሐፈ መክብብ ነው። ኢሽ የሚባል ተመራማሪ ወጣት ተራራ ላይ ብቻውን ሳለ እባብ ይነድፈዋል፣ እዛው ታሞ ከርሞ ሲወርድ ሰው በወረርሽኝ አልቆ ይጠብቀዋል። ዞምቢ የለም፣ ትልቅ ጦርነት የለም። ያለው ምንድነው ካላችሁ፣ የኤሌክትሪኩ መብራት ማንም ሳይነካው ለተወሰነ ጊዜ ይበራና ቀስ እያለ ይደክማል፣ ጉንዳን ምድሩን ይወርና ይጠፋል፣ ከዛ አይጥ ይፈላና የሚበላው ሲያጣ እሱም ያልቃል፣ የቧንቧው ውሃ ለዓመታት ሲመጣ ይኖርና አንድ ቀን ቀጥ ይላል፣ ያኔ ነው ሰዎቹ ውሃው ከየት ይመጣ እንደነበር አለማሰባቸው የሚገባቸው። ኢሽ ልጆቹን ማንበብ ሊያስተምራቸው ይለፋል፣ እነሱ ግን ፊደሉ ምን እንደሚያደርግላቸው አይታያቸውም፣ የሚወዱት የሰራላቸውን ቀስት ነው። እኔ ስለ ስልጣኔ መጥፋት ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ እውነት የመሰለኝ የለም።

ኤምጂኤም ፕላስ የሚባለው የአሜሪካ ቲቪ ይሄንን በ2024 ስድስት ክፍል አድርጎ አወጣው፣ ኢሽን የሚጫወተው አሌክሳንደር ሉድቪግ ነው። መጽሐፉ የአንድ ሰውን ሙሉ ዕድሜ ይዞ ይሄዳል፣ ሲሪዙ ደሞ ያንን ሁሉ በስድስት ክፍል ለመያዝ ዓመታት መዝለል አለበት፣ ካሜራ ደሞ የሚያየው የሰው ፊት ይፈልጋል፣ ስለዚህ በመጽሐፉ ተፈጥሮ የያዘችውን ቦታ እዚህ ሰውና ሰው ይይዘዋል። ይሄ ቅር እንዳይላችሁ አንድ ዘዴ አለ፣ መጽሐፉ ውስጥ ስለ እንስሳቱና ስለ መሬቱ የሚያወሩት አጫጭር ቦታዎች ዘንበል ባለ ፊደል ስለሚታተሙ በቀላሉ ይገኛሉ፣ አንድ ክፍል አይታችሁ ስትጨርሱ ከነሱ አንዱን አንብቡ፣ ሲሪዙ የጎደለው ነገር ይሞላላችኋል። ኢሽ ከጥፋቱ በኋላ አግኝቶ ሚስቱ የምትሆነውን ኤማንም በደንብ ተከታተሉ። በመጽሐፉ የጥቁር ዘር እንዳላት በጥንቃቄ፣ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው፣ የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ህግ የሻረው በ1948 እኮ ነው፣ ገና አንድ ዓመቱ። በሲሪዙ ኤማን ጥቁር ተዋናይት፣ ጄሲካ ፍራንሲስ ዱክስ፣ ትጫወታታለች፣ ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። ስቱዋርት በዛ ዘመን አዲሲቷን ዓለም በእሷ ላይ መመስረቱ ድፍረት ነበር፣ ይሄንን ሳያውቁ ማየት ብዙ ያስቀራል።

ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን የሚወሩበትን የኤች ጂ ዌልስን ዘ ዎር ኦፍ ዘ ወርልድስ የምትፈልጉ ተጠንቀቁ፣ በ2019 በተመሳሳይ ስም ሁለት ሲሪዝ ነው የወጣው። የቢቢሲው ሦስት ክፍል ነው፣ በድሮዋ እንግሊዝ የሚካሄድ፣ በመጽሐፉ ስም እንኳ ያልተሰጣቸውን ባልና ሚስት ጆርጅና ኤሚ ብሎ ሚስትየዋን ወደ ፊት ያመጣታል። ተዋናዩ ጋብሪኤል በርን ያለበት ሌላኛው ደሞ በዛሬዋ አውሮፓ የሚሆን፣ ሦስት ሲዝን ያለው ነው፣ ከ1898ቱ መጽሐፍ የወሰደው ስሙንና መነሻ ሀሳቡን ነው ማለት ይቻላል። ለማወዳደር ከሆነ የቢቢሲውን ያዙ።

ወረርሽኝ አብዛኛውን ሰው የሚጨርስበት የስቲቨን ኪንግ ዘ ስታንድ ላይ ችግሩ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። የ2020ው ሲሪዝ ዘጠኝ ክፍል ሆኖ ወረርሽኙ ካለቀ በኋላ ይጀምርና ወደኋላ ወደፊት ይዘላል፣ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ማን ማን እንደሆነ ይጠፋበታል፣ ዓለም ቀስ በቀስ ስትፈርስ የሚሰማው ጭንቀትም ይባክናል። መጽሐፉ በጣም ወፍራም ስለሆነ ካስፈራችሁ የ1994ቱን አራት ክፍል አስቀድሙ፣ እሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ነው የሚሄደው። የ2020ውን ግን ሳትጨርሱ አትተዉት፣ የመጨረሻውን ክፍል ኪንግ ራሱ ነው የጻፈው፣ በመጽሐፉ የሌለ ነገርም ጨምሮበታል።

የአርተር ሲ ክላርክ ቻይልድሁድስ ኤንድ ደሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1953ቱ መጽሐፍ ከሰማይ የመጡት ገዢዎች የሚያነጋግሩት ስቶርምግሬን የተመድ ዋና ጸሐፊ ነው፣ ሲፊ የሚባለው የአሜሪካ ቲቪ በ2015 ባወጣው ሲሪዝ ግን ገበሬ ሆኗል፣ ተመድ በተቋቋመ ሰሞን ሰው በእንደዛ ዓይነት መስሪያ ቤት ላይ የነበረው እምነት ዛሬ ስለሌለ ይመስለኛል። ጥንቃቄው ግን እሱ ጋ አይደለም። የገዢዎቹ አለቃ ካረለን መልኩን ለብዙ ዓመት ይደብቃል፣ የመጽሐፉ ትልቁ ድንጋጤም እሱ ነው፣ ስለዚህ ፖስተሩንም ትሬይለሩንም አትክፈቱ፣ የተዋናዩን ስምም ሰርች አታድርጉ። የመጽሐፉን አንደኛ ክፍል ጨርሱ፣ የሁለተኛውን መጀመሪያ አንብቡና መልኩ ሲገለጥ እዛው አቁሙ፣ የሲሪዙም የመጀመሪያ ክፍል የሚያልቀው እሱ መልኩን ሲያሳይ ስለሆነ የዛኑ ዕለት ማታ ክፈቱት።